ኧርሊ ዲሲዥን፦ ቡና ላይ የምንሰማው እና እውነታው

ኦክቶበር ሲገባ እዚህ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ቡና ላይ የሚወራው አንድ ነው። «የት አፕላይ አደረገች?» «ኧርሊ ነው ሬጉላር?» እኔም ባለፈው ዓመት ከልጄ ጋር እዚሁ ጣጣ ውስጥ ነበርኩ። ያኔ የሰማሁት ግማሹ ስህተት ነበር። ስህተቱን ደግሞ እኔው ራሴ ለሌላ ሰው አቀብያለሁ። ይህ ጽሑፍ ለእሱ ካሳ ይሁንልኝ።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው? ኧርሊ ዲሲዥን ማለት ለአንድ ኮሌጅ ብቻ «ከተቀበላችሁኝ እመጣለሁ» ብሎ ፈርሞ ማመልከት ነው። ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 1 ወይም 15 ነው። መልሱ ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ይመጣል። የሚፈርመው ልጁ ብቻ አይደለም፤ ወላጅም፣ የትምህርት ቤቱ ካውንስለርም ይፈርማሉ። ከተቀበሉት ሌላ ቦታ ያስገባውን ማመልከቻ ሁሉ ያነሳል። ሬጉላር የሚባለው ደግሞ ሳይፈረም በመደበኛው ጊዜ የሚገባው ማመልከቻ ነው።

«ኧርሊ ያው ኧርሊ ነው»

አይደለም። ኧርሊ አክሽን የሚባል ሌላ አለ። እሱ መልሱን ቀድሞ ይሰጣል እንጂ አያስርም፤ እስከ ሜይ 1 አስቦ መወሰን ይቻላል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲና ኤምአይቲ እንዲህ ናቸው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ስታንፎርድም አያስሩም። ግን እዚያ ኧርሊ ያስገባ ልጅ ሌላ የግል ኮሌጅ በጠቅላላው ኧርሊ ማስገባት አይችልም። የሚያስሩት እነ ብራውን፣ ኮርኔል፣ ኮሎምቢያ፣ ዳርትመዝና ፔን ናቸው። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱም አለው። ቨርጂኒያ ቴክ ደግሞ በ2023 ኧርሊ ዲሲዥንን ጭራሽ አስቀርቷል። ስለዚህ አንድ ሰው «ልጄ ስታንፎርድ ኧርሊ ዲሲዥን አስገባ» ካላችሁ፣ ዝም ብላችሁ ቡናችሁን ጠጡ። እንደዚያ የሚባል ነገር እዚያ የለም።

«ኧርሊ ያስገባ ዕድሉ ሦስት እጥፍ ነው»

ቁጥሩን ላዩን ላየው እውነት ይመስላል። ዲሴምበር 2023 ላይ ብራውን በኧርሊ ዲሲዥን ካመለከቱ 6,244 ተማሪዎች 898ቱን ተቀበለ። ወደ 14 ከመቶ ማለት ነው። የዚያው ዓመት ጠቅላላ ቁጥር ግን 5 ከመቶ አካባቢ ነበር። ማን አይጓጓም?

ግን እነዚያ 898 ውስጥ እነማን አሉ ብላችሁ ጠይቁ። አሰልጣኝ ቀድሞ የመለመላቸው ስፖርተኞች የሚገቡት በዚህ በር ነው። ወላጆቻቸው እዚያው የተማሩ ልጆችም ብዙዎቹ በዚህ በኩል ይመጣሉ። የግል አማካሪ ተቀጥሮላቸው ኦገስት ላይ ድርሰታቸውን የጨረሱም አሉ። ከእነሱ የተረፈው ወንበር ነው ለእኔና ለእናንተ ልጅ የሚቀረው።

ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ኮሌጅ እርግጠኛ የሆነ ተማሪ ይወዳል፤ የተቀበለው ልጅ ይመጣል አይመጣም ብሎ አይጨነቅም። ደካማ ማመልከቻ ግን ኧርሊ ስላስገቡት አይጠነክርም። አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ውጤቱ ወርዶ አሁን እየተነሳ ላለ ልጅ እንዲያውም ይጎዳዋል። የአስራ ሁለተኛ ክፍል የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤቱን የሚያዩለት ሬጉላር ላይ ነው።

«ከፈረምክ ገንዘቡ ባይበቃም ትሄዳለህ፤ አለዚያ ይከሱሃል»

ይህንን ያመንኩት እኔ ነኝ። እውነታው፣ የተሰጠው ፋይናንሻል ኤይድ (የገንዘብ ድጋፍ) ለቤተሰቡ የማይበቃ ከሆነ ልጁ ከውሉ መውጣት ይችላል። ፖሊስ አይመጣም። ግን ነገሩ የሚመስለውን ያህል ቀላልም አይደለም። መጀመሪያ ወደ ኤይድ ቢሮው ተመልሶ «እስቲ እንደገና እዩልን» ማለት አለ። ያ ሲሆን ዲሴምበር ያልቃል፤ የሬጉላር ማመልከቻ ቀን ደግሞ ብዙ ቦታ ጃንዋሪ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ሌሎቹ ማመልከቻዎች ተዘጋጅተው ይቆዩ።

«ካልኩሌተሩ ትከፍላለህ ያለኝን ነው የምከፍለው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

ከ2011 ጀምሮ ኮሌጆች ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር የሚባል ነገር ድረ ገጻቸው ላይ እንዲያስቀምጡ በሕግ ይገደዳሉ። ገቢህን ትሞላለህ፣ የምትከፍለውን በግምት ይነግርሃል። አባትና እናት ደመወዝተኛ ከሆኑ ብዙ አይስትም። ኡበር የሚነዳ፣ ትንሽ ሱቅ ያለው፣ የሚያከራየው ቤት ያለው ወይም የተፋታ ቤተሰብ ላይ ግን ይስታል።

እኔ መኪና ነው የምነዳው። ካልኩሌተሩ ላይ ታክስ የከፈልኩበትን የተጣራ ገቢ ሞላሁ፤ ያወጣው ቁጥር ደስ አለኝ። ሊፈረም አንድ ሳምንት ሲቀረው ግን ኤይድ ቢሮው ደውዬ ጠየቅሁ። ታክስ ላይ ያስቀነስኩትን የመኪና የእርጅና ቅናሽ እነሱ መልሰው ገቢ ላይ እንደሚደምሩት ነገሩኝ። በአንዴ የእኔ ድርሻ ወደ ላይ ወጣ። ቤታችንም እንደዚያው ነው። ፋፍሳ የሚባለው የመንግሥት የኤይድ ማመልከቻ ቅጽ የምትኖርበትን ቤት አይቆጥርም፤ ብዙ የግል ኮሌጆች የሚጠይቁት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ግን ይጠይቃል። በየወሩ አገር ቤት ለእናቴ የምልከውስ? ፋፍሳ ላይ እሱ የሚጻፍበት መስመር የለም።

በሬጉላር ቢሆን አራት አምስት መልስ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አለ፤ «እነ እገሌ ይህን ሰጥተውናል» ብሎ መደራደርም አለ። ኧርሊ ዲሲዥን መርካቶ ገብቶ ዋጋ ሳይጠይቁ «ይሄን ሳልገዛ አልወጣም» እንደማለት ነው። ነጋዴው ጨዋ ሊሆን ይችላል። አንተ ግን የመደራደሪያ አቅምህን በር ላይ ጥለህ ነው የገባኸው።

ገቢው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ ኩዌስትብሪጅ የሚባል ሌላ መንገድ አለ። የተመረጠ ልጅ ከኮሌጅ ጋር ተጣምሮ አራቱን ዓመት በሙሉ ስኮላርሺፕ ይማራል። ችግሩ ማመልከቻው ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ይዘጋል፣ እኛ ደግሞ ወሬውን የምንሰማው ኦክቶበር ላይ ነው።

«ከኢትዮጵያ የሚያመለክት ኧርሊ ካስገባ ስኮላርሺፑ ይቀድመዋል»

ብዙ ኮሌጆች የውጭ ተማሪ ገንዘብ መጠየቁን ሲወስኑ ያዩታል፤ ቀድሞ መግባቱ ይህን አይሽረውም። ገንዘብ መጠየቁን ሳያዩ የሚወስኑት ጥቂት ናቸው፦ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝ፣ ቦውደን ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ከነዚህ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ኧርሊ ዲሲዥን አላቸው። አንድ ነገር ግን ይታሰብበት፤ ብዙ ቦታ መጀመሪያ ሲያመለክት ኤይድ ያልጠየቀ የውጭ ተማሪ ከገባ በኋላ መጠየቅ አይችልም። «መጀመሪያ ልግባና ገንዘቡን እግዜር ያውቃል» የሚለው እዚህ አይሠራም።

«ዲሴምበር ላይ ካልተቀበሉ አለቀ»

ሙሉ በሙሉ እምቢ ካሉ ለዚያ ዓመት ለዚያ ኮሌጅ፣ አዎ። ወደ ሬጉላር ካሻገሩት ግን ፋይሉ እንደገና ይታያል፤ ማሰሪያውም ይፈታል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጃንዋሪ ላይ ሁለተኛ ዙር ኧርሊ ዲሲዥን አለ፤ ለሌላ ኮሌጅ መሞከር ይቻላል።

«እስካሁን አንድ ያልመረጠ ልጅ አላማ የለውም»

የእኔዋ መርጣ ነበር። ኦክቶበር ላይ «ከዚህ ውጪ አልማርም» ብላ የኮሌጁን ሹራብ ገዝታ ለብሳ ትተኛ ነበር። ያ ስልክ ከተደወለ በኋላ ሳንፈርም ቀረን፤ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሬጉላር ስድስት ቦታ አስገባች። ኤፕሪል ላይ ሁለቱን ሄዳ አየችና ሌላውን መረጠች። ሹራቡን ለታናሽ ወንድሟ ሰጠችው። እሱ አሁን አስረኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ኮሌጅ ውጪ አልማርም ይላል።