የኦፓል መብራት፦ ሰው የሚለውና እውነታው

ደሴ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል የብርጭቆ መብራት እሠራለሁ። መልኩን የምወስደው ከደላንታ ኦፓል፣ ውስጡ በብዙ ቀለም ከሚንቦገቦገው የከበረ ድንጋይ ነው። የሚገባው ሰው ሁሉ የሚለኝ ነገር ግን ተመሳሳይ ነው።

«ቀለም ከጨመርክበት ብርጭቆውም ኦፓል ይሆናል»

አይሆንም። ኦፓል ውስጥ የሚንቦገቦገው አረንጓዴና ቀይ የቀለም ሥራ አይደለም። ድንጋዩ ውስጥ ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር የሚሆኑ የሲሊካ (የአሸዋ ዋና ማዕድን) እንክብሎች ተደርድረዋል። ናኖሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ብርሃን በድርድሩ ሲያልፍ በየቀለሙ ይለያያል። ድንጋዩን ትንሽ ስታዞሩት አረንጓዴው ቀይ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ቀለም የገባበት ብርጭቆ ግን በየትም ብታዩት ያው ነው።

እኔም መጀመሪያ ተሸውጃለሁ። ከኋላ አምፖል ካበራሁ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን እውነተኛውን ኦፓል አምፖል ፊት ይዤ ሳየው እሳቱ፣ ማለትም የቀለሙ መንቦግቦግ፣ ጠፋ፤ ብርሌ ውስጥ ያለ ጠጅ መሰለ። ለካ አብዛኛው ኦፓል የሚያምረው ብርሃኑ ከፊት ወይም ከጎን ሲያርፍበት ነው። አሁን መብራቱን ጎን ላይ አደርጋለሁ። ለእሳቱ ዳይክሮይክ የሚባለውን፣ እጅግ ስስ የብረት ኦክሳይድ ንብርብር ያለውን ብርጭቆ እጠቀማለሁ።

ለድንጋዩ ገላ ደግሞ ወተት መሳይ ብርጭቆ አለ። ጠዋት ከጎጆ የሚወጣ ጭስ አይታችኋል? ጨለም ያለ ገደል ከኋላው ሲሆን ሰማያዊ ነው፣ ፀሐይ ከኋላው ስትሆን ቡኒ። ይህም ብርጭቆ እንደዚያው ነው፦ ከጎን ሲበራ ሰማያዊ ቢጤ፣ ከኋላ ሲበራ ብርቱካናማ።

«ስብርባሪውን ኦፓል ለምን አብረህ አታቀልጠውም?»

ኦፓል በውስጡ ውሃ አለው። በ2008 እ.ኤ.አ. ደላንታ ውስጥ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ደግሞ ጭራሽ ጠጪ ነው። ውሃ ውስጥ ሲነከር ይስባል፣ ብዙ ጊዜ እሳቱ ጠፍቶ ጥርት ይላል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። እኔ ብርጭቆ የማጣብቅበት ምድጃ ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ሞክሬው አውቃለሁ፤ ጠዋት ስከፍት ያገኘሁት የተፈረካከሰ ነጭ ድንጋይ ነው።

«ብርጭቆ ብርጭቆ ነው»

አንዴ የመስኮት መስታወት ላይ የቢራ ጠርሙስ አጣብቄ አረንጓዴ መስመር አወጣሁ። ሲያምር! መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ሌሊት «ጧ!» አለና ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ሁለቱ ሲሞቁ የሚለጠጡት፣ ሲቀዘቅዙም የሚኮማተሩት እኩል አይደለም። አንዱ ሌላውን ሲጎትት ይሰነጠቃል። አንድ ዓይነት ብርጭቆ ቢሆንም ከ500 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ቀስ እያለ ካልቀዘቀዘ ያው ነው። ምድጃውን ቶሎ መክፈት አያዋጣም።

«አምፖሉ በጠነከረ ቁጥር ያምራል»

ዓይን ያጠፋል እንጂ አያምርም። ጥቂት ዋት ያለው ኤልኢዲ ይበቃል።

«ይሄማ ፎርጅድ ነው»

ፎርጅድ የሚሆነው ኦፓል ነው ብዬ ስሸጠው ነው። ለቀለበት የሚሆን ትንንሽ አድርጌ እንድሠራ የጠየቀኝ አለ፤ «ማን ያውቃል?» እያለ። የደላንታ ሰው ያውቃላ! በቀደም ኦፓል ሲቆፍሩ የኖሩ አንድ ጋሼ መጥተው መብራቱን አገላበጡት። ከዚያ ጫፉን ምላሳቸው ላይ ነካ አደረጉት። ደረቅ የወገል ጤና ኦፓል ምላስ ላይ ይጣበቃል።

«ወላሂ ይሄስ አይጠጣም» ብለው ሳቁ። ቀጥለው ዋጋውን ጠየቁኝ።