ኮሎሲየምን ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው እንዴ?

ጥያቄው ስለተደጋገመ ላስረዳ፤ በፍርሃት ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ ከታችሁ እንዳትመለሱ። ሮም ያለውን ይህን ጥንታዊ የትዕይንት ስታዲየም ማንሳት ክልክል አይደለም። የጣሊያን የቅርስ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተሻሻለ ወዲህ፣ ለትርፍ እስካልሆነ ድረስ ማንሳቱ ነፃ ነው።

ግራ የሚያጋባው «ለትርፍ» የምትለዋ ቃል ናት። ዋናው ነገር ፎቶው ለምን እንደሚውል ነው። ከኮሎሲየም አጠገብ ባለው ጥንታዊ አደባባይ፣ በሮማ ፎረም ውስጥ፣ ከሳተርን ቤተ መቅደስ ስምንት ዓምዶች ፊት ቆማችሁ ፎቶ ተነሱ፤ ለቤተሰብ ላኩ፣ ፌስቡክ ላይ ለጥፉ፣ ችግር የለውም። ያንኑ ፎቶ ቲሸርት ላይ አትማችሁ ልትሸጡ ስትሉ ግን ቅርሱን ከሚያስተዳድረው አካል ፈቃድ ያስፈልጋል።

ነፃነቱ ፍላሽንና ትራይፖድን (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያን) አይጨምርም፤ ድንጋዩንም አትንኩ፣ እባካችሁ። የንግድ ፎቶ ክፍያው ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ቀድማችሁ ጠይቁ።