«ኢደም ነ መመ»፦ ቅቤው እሳት ውስጥ ሲገባ የሚባለው

ሂንዱዎች እሳት ከበው ሲጸልዩ ደጋግመው የሚሏት አንዲት አጭር አባባል አለች። «ኢደም ነ መመ» ትባላለች። በጥንቱ የህንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ናት፤ «ይህ የእኔ አይደለም» ማለት ነው። ፍቺዋ ይኸው ነው፣ ብዙም አያከራክርም። ወሬው ያለው ማን ይላታል፣ መቼ ይላታል፣ እጁ ላይ ምን ይዞ ይላታል የሚለው ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ የምትባለው እንዲህ ተሟልታ ነው፦ «አግነዬ ስዋሃ፤ ኢደም አግነዬ፤ ኢደም ነ መመ።» ወደኛ ስናመጣው «ለአግኒ ይሁን፤ ይህ የአግኒ ነው፤ ይህ የእኔ አይደለም» ይሆናል። አግኒ እሳት ነው፤ አምላክም ነው። ሪግቬዳ የሚባለው ጥንታዊ የመዝሙር ስብስብ 1028 መዝሙሮች አሉት፣ የሚከፈተውም በዚሁ በአግኒ ስም ነው። እዚያ አግኒ ካህንም መልእክተኛም ነው። ሰው የሰጠውን ተቀብሎ ለሌሎቹ አማልክት የሚያደርሰው እሱ ነው። «ስዋሃ» ደግሞ ስጦታው እሳቱ ላይ ሲያርፍ የሚባል ቃል ነው። ኋላ በመጡት ተረቶች ስዋሃ የአግኒ ሚስት ሆናለች።

በቤት ውስጥ የሚደረገው ሥርዓት ሃቫን ወይም ሆማ ይባላል። ዱባይ ወይም ሙስካት ከህንዳውያን ጋር ተጎራብቶ የኖረ ወይም ቤታቸው የሠራ አበሻ ጭሱን ሳያውቀው አይቀርም። አዲስ ቤት ሲገባ፣ ሠርግ ሲሆን፣ ልጅ ስም ሲወጣለት ይነዳል። መሃል ላይ ከመዳብ የተሠራ ባለ አራት ማዕዘን ማንደጃ ይቀመጣል፤ አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ ነው። ደረቅ የማንጎ እንጨት ይደረደርበትና በካምፎር ይለኮሳል። አጠገቡ በአንድ ሳህን ንጥር ቅቤ፣ በሌላው የደረቀ ቅጠላ ቅጠልና ሙጫ ድብልቅ፣ በትንሽ ዕቃ ደግሞ ውሃ ይኖራል። ካህኑ ጥቅሱን ያነበንባል። «ስዋሃ!» ሲል የተቀመጠው ሁሉ ይቀበለዋል። የቤቱ ጌታ እጀታዋ ረዘም ባለ ማንኪያ ቅቤውን ያፈሳል፣ እሳቱ ቦግ ይላል። ያኔ ነው «ኢደም ነ መመ» የሚለው። በብዙ ቦታ ማንኪያዋ ላይ የቀረችውን ጠብታ ውሃው ዕቃ ውስጥ ጠብ ያደርጓታል። ጠብታዋ እንኳ ወደ ቅቤው ሳህን አትመለስም።

እኛ ዘንድ «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» ነው ነገሩ። እዚያ ግን የሰጠ ሰው መስጠቱን አፍ አውጥቶ ይናገራል። ጉራ እንዳይመስላችሁ። የሚናገረው «ሰጠሁ» ብሎ ሳይሆን «ከእንግዲህ አያገባኝም» ብሎ ነው።

አባባሏ የወጣችው ከጥንቶቹ የመሥዋዕት ሊቃውንት ነው። እነዚህ ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት መቶ ዓመታት የእሳቱን ሥርዓት እንደ ሕግ አንቀጽ በአጭር በአጭሩ ደንግገዋል። መሥዋዕት ምንድን ነው ሲባሉ የመለሱት በሦስት ነገር ነው፦ የሚሰጥ ዕቃ፣ የሚቀበል አምላክ፣ መልቀቅ። እሳቱ ከሦስቱ አንዱ አለመሆኑን ልብ በሉ። በእነሱ ሥርዓት ቅቤውን እሳት ውስጥ መጨመር የካህኑ ሥራ ነው። መልቀቅ ግን የባለገንዘቡ ሥራ ነው። በትልልቆቹ ሥርዓቶች አራት ዓይነት ካህናት ከነረዳቶቻቸው ተሰልፈው ይዘምራሉ፣ ያፈሳሉ፣ ስህተት ይቆጣጠራሉ። «ይህ የእኔ አይደለም» የሚለው ግን ወጪውን የቻለው ሰው ነው፤ ካህኑ እንዲህ ቢል ምን ይገርማል? መጀመሪያውኑ የእሱ አልነበረም።

ለይስሙላ መልቀቅም አለ። ኡፓኒሻዶች ከሚባሉት የሂንዱ ጥንታዊ የጥበብ መጻሕፍት አንዱ በዚህ ነገር ነው የሚጀምረው። ቫጀሽራቫሳ የተባለ ሰው ያለውን ሁሉ የሚሰጥበት መሥዋዕት ያደርጋል። ልጁ ናቺኬታስ ለካህናቱ የሚነዱትን ላሞች ያያል። ውሃቸውን ጠጥተው የጨረሱ፣ ሣራቸውን ግጠው ያበቁ፣ ወተታቸው የነጠፈ። የማይጠቅመውን ነው አባት የሰጠው። ልጁ ቢጨንቀው «አባቴ፣ እኔንስ ለማን ትሰጠኛለህ?» ብሎ ጠየቀ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አባት ተናደደና «ለሞት!» አለው። ልጁም ሄደ፤ የሞት ጌታ ያማ ቤት በር ላይ ሦስት ሌሊት ሳይበላ ጠበቀ። ያማ ስላስጠበቀው «ሦስት ነገር ለምነኝ» አለው። የመጀመሪያው የአባቱ ቁጣ እንዲበርድ ነበር። ሁለተኛው ወደ ሰማይ የሚያደርሰው የእሳት ሥርዓት ነው፤ ያም እሳት በልጁ ስም ተጠራ። ለእኔ ከዚህ የተሻለ የአባባሏ ማብራሪያ የለም። አባትየው አፉ ለቋል፣ እጁ ግን የሚያጣው ነገር አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር፣ እሳት ፊት የሚቀመጠው ሰው አብዛኛው አንድ ነገር ፈልጎ ነው። ልጅ፣ ዝናብ፣ ጤና፣ ሥራ። ጥንታዊዎቹ ደንቦች ራሳቸው «ሰማይን የሚሻ ይሠዋ» ይላሉ። ታዲያ ይህን ያህል እየፈለጉ «የእኔ አይደለም» ማለት ምን ማለት ነው? ህንዶች ራሳቸው ሲከራከሩበት ኖረዋል። ባጋቫድ ጊታ የተባለው ቅዱስ መጽሐፍ ሥራው የአንተ ነው፣ ፍሬው ላይ ግን መብት የለህም ብሎ ነገሩን ወደ ኑሮ ሁሉ አስፍቶታል። እሳቱ ደግሞ ከቡድሂዝም ጋር ተሰድዶ ጃፓን ድረስ ሄዷል፤ ኩካይ የተባለው መነኩሴ በ806 እ.ኤ.አ. ከቻይና ሲመለስ ያመጣው ትምህርት ውስጥ ይገኛል። ሆማ እዚያ «ጎማ» ተባለ። ምእመኑ ልመናውን እንጨት ላይ ይጽፋል፣ እንጨቱ ይነዳል። ልመና ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረግ።

በ1975 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ላይ በደቡብ ህንድ፣ ፓንጃል በሚባል የኬረላ መንደር፣ ናምቡዲሪ ብራህሚኖች የሚባሉ የካህናት ዘሮች 12 ቀን የፈጀ ታላቅ የእሳት ሥርዓት አደረጉ። ሆላንዳዊው ምሁር ፍሪትስ ስታልና ባልደረቦቹ በፊልም ቀረጹት። መሠዊያው ከ1000 በላይ ጡብ በአምስት ድርብ ተደርድሮ ክንፉን እንደዘረጋ ወፍ የተሠራ ነበር። ፍየሎች ይታረዳሉ ተብሎ ሰው ስለተቃወመ በፋንታቸው በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ዱቄት ቀረበ። ሲያልቅ ዳሱን በእሳት አጋዩት። ስታል ከዚያ በኋላ ሥርዓት ትርጉም የለውም፣ ደንብ ብቻ ነው ብሎ ጻፈ። ስለ ጡቡ አቆጣጠር ልክ ሊሆን ይችላል። ሰው ገንዘቡን አውጥቶ በራሱ አፍ «የእኔ አይደለም» የሚልበትን ነጥብ ግን ትርጉም የለሽ ለማለት እኔ አልደፍርም።

ይህን መንገድ ከውጭ መጥቶ መያዝ የሚፈልግ ሰውስ? በጥንቱ ደንብ አይታሰብም። በቬዳ፣ ማለትም ሪግቬዳ በሚገኝባቸው ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ የታዘዙትን ታላላቅ እሳቶች ማቆም የሚችለው ከላይኞቹ ሦስት መደቦች የተወለደ ባለትዳር ወንድ ነው፤ ሚስቱም አብራው መኖር አለባት። ነገሩን የለወጠው ዳያናንዳ ሳራስዋቲ የተባለ ጉጃራቴ መነኩሴ ነው። በ1875 እ.ኤ.አ. ቦምቤይ ላይ አርያ ሳማጅን መሠረተ። ጣዖቱን አስወግዶ እሳቱን አስቀረ። ቬዳ ለሴቱም፣ ዝቅ ተደርጎ ለሚታየውም፣ ለሁሉም ነው አለ። ማኅበሩ «ሹዲ» የሚለው የመንጻት ሥርዓት አለው፤ አዲስ ገቢው እሳቱ ፊት ተቀምጦ ጋያትሪ የሚባለውን ጸሎት ይላል፣ በእጁ ያፈሳል፣ ስም ቢፈልግ ይወጣለታል። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ይኸው ሹዲ የሃይማኖት ፖለቲካ ሆኖ ሰሜን ህንድን አተራምሶ ነበር። መሪው ስዋሚ ሽራድሃናንድ በ1926 እ.ኤ.አ. ተገደለ። ከማኅበሩ ውጭ ያሉ ብዙ ሂንዱዎች ግን ለመግባት ሥርዓት አያስፈልግም፣ ኑሮውን ኑር ይላሉ። ለጀማሪ የሚመከረውም ከባድ አይደለም። ጠዋትና ማታ ትንሽ እሳት፣ ጥቂት ማንኪያ ቅቤ፣ እያንዳንዱ ማንኪያ ከነቃሉ።

አባባሏ ከእሳቱ ወጥታም ትኖራለች። ላም ወይም ገንዘብ በሥርዓት ሲሰጥ «ነ መመ» ይባላል። አባት ሠርግ ላይ ሴት ልጁን ሲሰጥም እንዲሁ፤ ይሄኛው ዛሬ ብዙ የተማሩ ህንዳውያት ሴቶችን ያስቆጣል፣ አይፈረድባቸውም። የ1955ቱ (እ.ኤ.አ.) የህንድ የሂንዱ ጋብቻ ሕግ ራሱ የሚጠቅሰው የአባትን መስጠት አይደለም። እሳቱ ፊት ሁለቱ አብረው የሚራመዱትን ሰባት እርምጃ ነው፤ ሰባተኛው ሲረገጥ ጋብቻው ይጸናል። የህንድ ብሔርተኞች ደግሞ የአግኒን ስም አውጥተው አገርን ተኩበታል፦ «ይህ ለአገር ነው፤ ይህ የእኔ አይደለም።» በንግግርም በመፈክርም ትሰማላችሁ።

እዚህ ላይ ጃይሚኒ የተባለው የጥንት የሥርዓት ሊቅ የተናገረው ትዝ ይለኛል። አንድ ንጉሥ ያለውን ሁሉ የሚሰጥበትን መሥዋዕት ቢያደርግ መሬቱንም ይሰጣል ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣ። አይሰጥም አለ ጃይሚኒ። መሬት የሁሉም እኩል ስለሆነ ንጉሡ «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ የሚለቀው የራሱ ነገር አይደለም።