የጥያቄና መልስ ዝምድና ምንድን ነው?

እስቲ ይህን ዓረፍተ ነገር አንብቡ፦ «ድንቡሌው ሽርፍጡን በመርጎላ ጠነገፈው።»

ድንቡሌው ሽርፍጡን በምን ጠነገፈው? «በመርጎላ።» መልሱ ትክክል ነው። ግን ማናችንም ምንም አልገባንም፤ ቃላቱን እኔው ነኝ የፈጠርኳቸው።

ብዙ ልጆች የ«አንብቦ መረዳት» ጥያቄን የሚያልፉት እንዲህ ነው። የጥያቄውን ቃል ምንባቡ ውስጥ ይፈልጉና አጠገቡ ያለውን ይገለብጣሉ። ደብተሩ ላይ ራይት ይደረግላቸዋል። ወላጅም ልጄ ገብቶታል ይላል።

የጥያቄና መልስ ዝምድና የሚባለውን ዘዴ አሜሪካዊቷ የንባብ ትምህርት ተመራማሪ ታፊ ራፋኤል በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አስተዋወቁት። ልጁ ከመመለሱ በፊት «የዚህ መልስ የት ነው ያለው?» ብሎ እንዲያስብ ያደርጋል። ጥያቄዎችም መልሳቸው በሚገኝበት ቦታ በአራት ዓይነት ይከፈላሉ።

አጭር ምንባብ እንውሰድ። «የእንጦጦ ብርድ ከባድ ነበር። ማገዶም እየራቀ ሄደ። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ። በ1879 ዓ.ም. ቦታውን አዲስ አበባ አሉት።»

ስሙን ማን አወጣው? መልሱ እዚያው ተጽፏል። እንጦጦ ላይ ኑሮን ያከበዱት ምን ምን ናቸው? ይህ ሁለት ዓረፍተ ነገር ማያያዝ ይጠይቃል።

ሦስተኛው ዓይነት ላይ ቆም እንበል። ቤቱ ለምን ፍልውሃ አጠገብ ተሠራ? ምንባቡ አይናገርም። ልጁ ብርዱን ከምንባቡ፣ የፍልውሃን ሙቀት ደግሞ ከራሱ እውቀት አምጥቶ ማገናኘት አለበት። መረዳት የሚታየው እዚህ ጋ ነው። ትምህርት ቤትም ቤትም በብዛት የሚዘለለው ይኸው ጥያቄ ነው። መልሱ አንድ ስላልሆነ ለማረም ያስቸግራል። ቢሆንም አይዘለል። ልጁ የተለየ መልስ ከሰጠ «ከምንባቡ የቱ ነው እንዲህ ያሰኘህ?» በሉት። ማስረጃ ካሳየ ይያዝለት።

አራተኛው ከልጁ ሕይወት ብቻ የሚመለስ ነው። ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ልጅ «እናንተስ ከመሀል ከተማ ወደዚህ ስትመጡ ምን ከበዳችሁ?» ቢባል ብዙ ያወራል። ሳያነብም ይመልሰዋል፤ ስለዚህ መረዳቱን አይለካም። ከንባብ በፊት ሐሳቡን ለመቀስቀስ ግን ጥሩ ነው።

ልጁ ሲለምደው ጥያቄውን ራሱ ያውጣ። ሁለት ይበቃል፤ የአንዱ መልስ ግን ተጽፎ የማይገኝ ይሁን። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለማውጣት ምንባቡን ደግሞ ማንበብ ግድ ይለዋል።

የታክሲ ሰልፍ አድክሞት አምሽቶ የሚገባ ወላጅ አስጠኚ መቅጠር ባይችልም ይህን ማድረግ ይችላል። ማንበብ የማትችል አያትም ልጅቷ ጮክ ብላ ካነበበችላት በኋላ «ይህን ያልሽው ከየት አግኝተሽ ነው?» ብላ መጠየቅ አያቅታትም።