ጸሎተ ሃይማኖት፦ «ነአምን» ማለት

ጸሎተ ሃይማኖት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በእግዚአብሔር ማመን ምን ማለት እንደሆነ በአጭሩ የሚመሰከርበት ቃል ነው። «ነአምን በአሐዱ አምላክ»፣ በአንድ አምላክ እናምናለን፣ ብሎ ይጀምራል። ምእመናን በዘወትር ጸሎት ያደርሱታል፤ በቅዳሴም ዲያቆኑ «ንበል ኵልነ በጥበበ እግዚአብሔር ጸሎተ ሃይማኖት» ሲል ሕዝቡ በአንድነት ይቀበለዋል። «አመክንዮ ዘሐዋርያት» የሚባል ሌላ የሃይማኖት ቃልም አለ። የዛሬው አማርኛ «አመክንዮ»ን ለፍልስፍና ትምህርት፣ ለሎጂክ፣ መውሰዱን ያየ የቆሎ ተማሪ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

«አመነ» የሚለው ግሥ ራሱ ሰፊ ነው። ተከሳሽ ጥፋቱን ያምናል፤ ጎረቤትም ለጎረቤቱ ያለ ምስክርና ያለ ወረቀት ገንዘብ አምኖ ይሰጣል። ታማኝ፣ እምነት፣ አማን፣ አሜን ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው። «ሃይማኖት» የሚለውን ስም የውጭ አገር ሊቃውንት ከአራማይክ የመጣ ነው ይላሉ፤ ከ«አምነ» ጋር ያለው ዝምድና ግን አያከራክርም። እንግዲህ በጸሎቱ «ነአምን» ሲባል መቀበልም፣ መታመንም፣ በአፍ መመስከርም አለበት። የእግዚአብሔርን መኖር ማወቅ ብቻውን አይበቃም። መምህራን ለዚህ የያዕቆብን መልእክት ይጠቅሳሉ፤ «አጋንንት ደግሞ ያምናሉ ይንቀጠቀጡማል»። ሃይማኖትና ምግባር ሁልጊዜ ተጣምረው የሚጠሩትም ስለዚህ ነው።

የጸሎቱ ቃል የተደነገገው በኒቂያ በ325 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በጉባኤው የተገኙትን አባቶች ቤተ ክርስቲያን 318 ናቸው ብላ «ሠለስቱ ምእት» ትላቸዋለች፤ ኅዳር 9 ቀንም ታስባቸዋለች። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ቁጥሩን ዝቅ ያደርጉታል። የክርክሩ መነሻ የእስክንድርያው ካህን አርዮስ «ወልድ ፍጡር ነው» ማለቱ ነበር። የአባቶች መልስ «ዘተወልደ ወአኮ ዘተገብረ»፣ የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ፣ የሚል ሆነ። ስለ መንፈስ ቅዱስ የሚናገረው ክፍል በ381 በቁስጥንጥንያ በተሰበሰቡ 150 ሊቃውንት ተስፋፋ። በግእዙ «ዘሠረፀ እምአብ»፣ ከአብ የሠረፀ፣ ይላል፤ ምዕራባውያን በኋላ «ከወልድም» ብለው የጨመሩትን ቤተ ክርስቲያናችን አልተቀበለችም።

ይህ ክርክር ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አልነበረም። ፍሬምናጦስን፣ ማለትም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ጵጵስና የሾመው በኒቂያ በዲያቆንነት የተገኘው አትናቴዎስ ነው። በ356 ገደማ የአርዮስን ወገን ይደግፍ የነበረው የሮም ንጉሥ ቆንስጣንዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተልኮ፣ አትናቴዎስን አሳድዶ በመንበሩ በተቀመጠው በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር ይጠይቃል። ደብዳቤውን ለትውልድ ያቆየው ራሱ አትናቴዎስ ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ ገልብጦታል። አክሱም ጳጳሷን አሳልፋ መስጠቷን የሚናገር ማስረጃ የለም። የኢዛና ድንጋዮችም የእምነቱን ጉዞ ያሳያሉ። በቀደሙት ላይ መሕረም የሚባለው አምላክ ይጠራል፤ በኋለኛው የግእዝ ጽሑፍ «እግዚአ ሰማይ» ይላል፤ በ1969 በተገኘው የግሪክኛ ጽሑፍ ደግሞ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በስም ተጠርተዋል።

ተሰዓቱ ቅዱሳን የሚባሉት ዘጠኝ መነኮሳት ከዚያ በኋላ ከውጭ አገር መጥተው ገዳማትን አስፋፍተዋል።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) የሥላሴን ስም ሕዝቡ በግንባሩ እንዲጽፍ አዝዘው ነበር። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 ለካቶሊክ ሚስዮናውያን ለኢየሱሳውያን መልስ የሚሆን የእምነት መግለጫ ጻፉ፤ ከሀገራችን ነገሥታት ብዕር ከወጡት ሁሉ በጨዋነቱ የሚጠቀስ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ከዚያ ወዲህ ክርክሩ የቤት ውስጥ ሆነ። ወልድ በሥጋው «ተቀባ» የሚለው ቃል ምን ማለት ነው በሚል ቅባት፣ ጸጋና ተዋሕዶ የሚባሉ ወገኖች ተለያዩ። በ1878 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ሠርተው ለተዋሕዶ ፈረዱ፤ ጥንታዊው ትምህርት ጸና። እንቢ ባሉት ላይ የደረሰውን ቅጣት መጻሕፍት በየመልኩ ይተርኩታል። የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ የታዘዘውም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ነው።

በጸሎቱ «ነአምን» አምስት ጊዜ ይነገራል፤ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ፣ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ በአንዲት ጥምቀት። ትንሣኤ ሙታን ላይ ሲደርስ ግን ግሡ ይለወጣል፤ «ወንሴፎ»፣ ተስፋ እናደርጋለን። በብዙ ቁጥር መነገሩም ልብ ይባላል፤ ብቻውን በመኝታ ቤቱ የሚጸልይ ሰውም «እናምናለን» ነው የሚለው።

ይህ በጥምቀት ጊዜ ጎልቶ ይታያል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ። የክርስትና አባት ወይም እናት ሕፃኑን ታቅፈው፣ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው በሕፃኑ ስም ሰይጣንን ይክዳሉ፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞረው እምነቱን ይመሰክሩለታል። ልጁ አንዳንዴ ተኝቷል፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለቅሳል። ወደ ውኃው የሚቀርበው ምስክርነቱ ካለቀ በኋላ ነው።