የዓድዋ ዘማች ልብስ፦ “ትክክለኛው ውድ ነው” እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

የካቲት በቀረበ ቁጥር አንድ ዓይነት ቅሬታ ይሰማል፦ “ለየካቲት 23 እንደ አባቶቻችን ለብሰን መውጣት እንፈልጋለን፤ ግን የመኳንንቱ ካባ ለምዱና የአንበሳ ጠጉር የራስ ጌጡ ጎፈሩ በእኛ አቅም አይቀመስም።” ከዚያ ግማሹ የሚያብለጨልጭ ፖሊስተር ይከራያል፣ ግማሹ ተስፋ ቆርጦ በቲሸርት ይወጣል። ሁለቱም የማያስፈልግ ነው። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከተሰለፈው ሰው አብዛኛው የለበሰው ዛሬ በማንኛውም ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በርካሽ ከሚገኘው ነገር የተሠራ ነበር። ውድ የሚሆነው የተሳሳተው ልብስ ነው።

“ዘማች ማለት ለምድ ለባሽ ማለት ነው”

ሌሎቹን ስህተቶች ሁሉ የሚወልደው ይህ ስለሆነ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ሁሉም ራስ፣ ሁሉም ደጃዝማች ሆኖ አንድም ተራ ወታደር የሌለበት ሰልፍ የዓድዋን ጦር አይመስልም። ወርቀ ዘቦ የተጠለፈበት የከፋይ ለምድ፣ ብር የተለበጠበት ጋሻ፣ የአንበሳ ጎፈር የማዕረግና የጀብዱ ምልክቶች ነበሩ። በሽልማት ይገኛሉ እንጂ ማንም ደስ ስላለው አይደርባቸውም። ራስ መኮንን፣ ራስ ሚካኤል፣ ራስ መንገሻ፣ ራስ አሉላ፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እያንዳንዳቸው ከኋላቸው በሺህ የሚቆጠር ሰው አሰልፈው ነበር። ያ ከኋላ የነበረው ሰው ገበሬ ነው፤ ለክተቱ የወጣውም ቤቱ ባለው ልብስ ነው።

ምን ለበሰ? እጀ ጠባብ፣ ሱሪ፣ ወገቡ ላይ ድግ የሚባል ረጅም መታጠቂያ ጨርቅ፣ ከላይ ኩታ ወይም ጋቢ። እግሩ ባዶ ነው። አቅም ያለው የበግ ቆዳ በትከሻው ይጥላል። አርባ ሰው የሚወጣበት ሰልፍ ቢኖራችሁ አንድ ወይም ሁለት መኳንንት ይበቁታል፤ የተቀሩት ሠላሳ ስምንቱ ወታደር ይሁኑ። ለሁለቱ ለምድ ገንዘብ አዋጡና በደንብ አሠሩ። ለአርባው ለኪራይ የሚወጣው ገንዘብ ከዚያ በላይ ነው።

የአውሬ ቆዳ ነገር ደግሞ ሳይታለፍ ይነገር። የአንበሳና የነብር ቆዳ ያለ ፈቃድ መሸጥም መግዛትም በሕግ የተከለከለ ነው። በውጭ የምትኖሩ በሻንጣ ይዛችሁ ለመውጣት ከሞከራችሁ ኤርፖርት ላይ ትያዛላችሁ። ከሠራሽ ጠጉር የሚሰፋው “ጎፈር” በበኩሉ በፀሐይ ብርሃን እንደ ፕላስቲክ ያበራል፤ ፎቶ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው። የበግ ቆዳ ሕጋዊ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ለተራው ዘማችም ትክክለኛው እሱ ነው። ለገና በግ ሲታረድ ቆዳው በርካሽ ይገኛል፤ ከታኅሣሥ 29 እስከ የካቲት 23 ደግሞ ለማልፋት በቂ ጊዜ አለ። ቆዳው በተገፈፈ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሥጋና ስቡ ተፍቆ፣ በውስጥ በኩል አንድ ኪሎ ያህል ጨው በደንብ ታሽቶበት፣ ጥላ ውስጥ ይዘርጋ። ጨው ሳይነካው ካደረ ጠጉሩ እፍኝ እፍኝ እየሆነ ይነቀላል፤ ያን ጊዜ የትኛውም ቆዳ አልፊ አያድነውም።

“አቡጀዲ ለከፈን ነው እንጂ ለጀግና አይሆንም”

ይህን የሚሉ ሰዎች ከሁሉ የሚስማማውን ጨርቅ ትተው ሳቲን ይገዛሉ። ያልነጣው የአሜሪካ አቡጀዲ በዚያ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ከሚገቡት ዕቃዎች ዋነኛው ነበር። በ1896 ዓ.ም. አሜሪካ ሮበርት ስኪነርን ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ልካ የንግድ ውል የተፈራረመችበት አንዱ ምክንያትም ይኸው የጥጥ ጨርቅ ንግድ ነው። በዚያ ዘመን ሱሪው፣ እጀ ጠባቡ፣ ድንኳኑም ሳይቀር ከእሱ ይሰፋ ነበር። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ልብስ ሰፊዎች ለሙከራ የሚጠቀሙበትን ያልነጣ ሙስሊን ብትጠይቁ የእሱን ዘመድ ታገኛላችሁ፤ መቶ በመቶ ጥጥ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ።

ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ጨርቅ፣ መካከለኛ ቁመት ላለው ሰው ልኩ ይህን ያህል ነው፦ ለእጀ ጠባብ 3 ሜትር፣ ለሱሪ 2 ሜትር ተኩል፣ ለራስ መጠምጠሚያ 1 ሜትር፣ ለድግ በ40 ሳንቲ ሜትር ወርድ 4 ሜትር። ድጉን ከቁመቱ ስለምታወጡት ከአንዱ 4 ሜትር ሁለት ድግ ይወጣል፤ ከጓደኛ ጋር ተካፈሉት።

ከመቁረጣችሁ በፊት ጨርቁን በሙቅ ውኃ ሁለት ጊዜ እጠቡ። ያልታጠበ አቡጀዲ ሙጫ አለው፤ ይሸበሸባል፣ ያጥራልም። ሳይታጠብ የተሰፋ ሱሪ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ቁምጣ ይሆናል። እጀ ጠባቡ ሸሚዝ አይደለም፦ አካሉ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን፣ ርዝመቱ እስከ ጉልበት የሚጠጋ፣ እጅጌው ከክርን በታች ክንድ ላይ የሚጣበቅ ነው። ብብት ላይ 12 በ12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ አስገቡበት፤ ያለ እሱ ጋሻ ያነሳችሁ ዕለት ስፌቱ ይተረተራል። ሱሪውም ብልት ላይ ተመሳሳይ ቁራጭ፣ ሰፋ ብሎ 20 በ20፣ ያስፈልገዋል። ዚፕ፣ ላስቲክና የፕላስቲክ ቁልፍ የለም፤ በክር ይታሰራል።

አሁን ቀለሙ። “ነጭ ካልሆነ አያምርም” የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዛሬ ሳሙናና ማንጫ ነው። ሳምንታት በእግር የተጓዘ ሰው ልብስ እንደ ጥምቀት ቀሚስ አይነጣም። 5 ሊትር ውኃ ውስጥ 50 ግራም ሻይ ቅጠል አሥር ደቂቃ አፍሉና አጥልሉት፤ ካልተጠለለ ቅጠሉ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ነጥብ ይቀራል። ጨርቁን በንጹህ ውኃ አርጥቡ፣ ከዚያ ሃያ ደቂቃ እያገላበጣችሁ ዘፍዝፉ። ደረቅ ጨርቅ ከተነከረ ቡራቡሬ ይሆናል። ሲደርቅ ቀለሙ ስለሚሳሳ ውኃ ውስጥ ሳለ ትንሽ የበዛ ሊመስል ይገባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያጠፋው ሥራ አለ። ልብስ ሰፊው በፖሊስተር ክር ከሰፋው፣ ጨርቁ ሻዩን ሲጠጣ ክሩ አይጠጣም። እያንዳንዱ ስፌት ነጭ ሆኖ፣ በመኪና መሰፋቱ ከሩቅ ይታያል፤ አንገትጌው ዙሪያ ደግሞ እንደ ኖራ መስመር ይጎላል። የጥጥ ክር ራሳችሁ ገዝታችሁ ለሰፊው ስጡት። የሚታዩትን ጠርዞች፣ ማለትም አንገት፣ እጅጌ ጫፍና የታችኛውን ቅምቅማት፣ በእጅ ከሰፋችሁ የውስጡን በመኪና ብታስመቱትም ማንም አያውቅባችሁም። ካውያ አይነካው።

“ከሽሮ ሜዳ የተገዛ ሁሉ የጥንት ነው”

ሽሮ ሜዳ ያሉት ሸማኔዎች እጃቸው የተባረከ ነው። ግን የሚሠሩት ለዛሬ ገዢ ነው። በወርቃማና በብርማ ክር የተሞላ ሰፊ ጥበብ የዛሬ ሠርግ ልብስ ነው፤ ለዓድዋ አይሆንም። የሚፈለገው ሜዳው ነጭ የሆነ፣ ጥለት የሌለው ወይም ጠባብ ጥለት ያለው ኩታ ወይም ጋቢ ነው፤ ይህም ከጥበቡ በጣም ይረክሳል። በሰፊ ቀይ ጥለት የተሠራው ጃኖ የክብር ልብስ ስለነበር ለመኳንንቱ ተዉላቸው።

ዛሬ ብዙው ሸማ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ ብቻ የእጅ ፈትል ነው። ይህ ከሦስት እርምጃ ርቀት አይለይምና አትጨነቁበት። መጨነቅ ያለባችሁ ጥጥ መሆኑ ላይ ነው። ከጫፉ ሁለት ክር መዝዛችሁ ለኩሱ። ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ነድዶ በጣት የሚደቅ ልል አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ቤት ያለውን የአባት ጋቢ መዋስ ደግሞ ምንም አያስወጣም፣ ያረጀው ከአዲሱ ይሻላልም።

“ካኪና ጎፈሬ የዓድዋ ነው”

አይደለም። ካኪ ኮት፣ ጭኑ የተነፋ የፈረሰኛ ሱሪና ያደገ ጎፈሬ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበሩት አርበኞች መልክ ነው። ሁለቱ ጦርነቶች በአርባ ዓመት ይራራቃሉ። የአርበኞች ቀን የራሱ በዓል አለውና ካኪውን ለሚያዝያ 27 አስቀምጡት። ለዓድዋ ራስ መላጨት፣ ሹሩባ መሠራት ወይም ነጭ ጨርቅ መጠምጠም ይበቃል።

“ጣሊያን ሆኖ የሚጫወተው ጥቁር ሸሚዝ ይልበስ።” ፋሺስቶች ሥልጣን የያዙት ከዓድዋ 26 ዓመት በኋላ ነው፤ ዓድዋ ላይ የጣሊያንን ጦር የመራው የጄኔራል ባራቲዬሪ ወታደር ጥቁር ሸሚዝ አልለበሰም።

“በረባሶ የድሮ ጫማ ነው።” የመኪና ጎማ ነው፤ የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። አስፋልቱ ባዶ እግር የማያስኬድ ከሆነ ያለ ብረት ዘለበት የተሠራ የቆዳ ነጠላ ጫማ አድርጉ።

“ሰንደቅ ዓላማ የተሰፋበት ልብስ።” ሦስቱ ቀለሞች በአንድ አራት ማዕዘን ሰንደቅ የተዋሐዱት በ1890 ዓ.ም. ነው። ዓድዋ ላይ ቀለሞቹ እንደየራሳቸው ባንዲራ ይውለበለቡ ነበር። ለዘማች ልብስ ጥብጣቡ ይቅር፤ ለሰልፉ ሦስት የተለያዩ ረጃጅም ባንዲራዎች በዘንግ አስይዙ።

“ጎራዴ በግራ ይታጠቃል”

በፊልም የምታዩት የአውሮፓ ልማድ ነው። የእኛ ሰው ጎራዴውን በቀኝ ይታጠቅ ነበር፤ ግራ እጁ ጋሻ ይዟል። ምንም ወጪ የማይጠይቅ እርማት ስለሆነ ዛሬውኑ አስተካክሉት።

ጋሻውን ከካርቶን የሚሠሩ አሉ፤ ካፊያ ካገኘው አለቀለት። ጥሬ የከብት ቆዳ ከቄራ አካባቢ ከሚሸጡት ግዙ፣ ጨውና ስቡን አጥባችሁ ጠጉሩን ላጩ፣ አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ አሳድሩት። አፉ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳፋ ገልብጡና ቆዳውን በላዩ አልብሳችሁ ጠርዙን ዙሪያውን በሲባጎ አጥብቃችሁ እሰሩ። ከሳፋው ጠርዝ የተረፈውን ሦስት ጣት ያህል ወደ ውጭ ቀልብሱት፤ የጋሻችን ከንፈር ወደ ላይ የተመለሰ ነው። ጥላ ውስጥ ከአራት እስከ አምስት ቀን ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ከወጣ አንዱ ጎን ቀድሞ ይኮማተርና ይጣመማል፤ የተጣመመ ጋሻ እንደገና መንከር ግድ ነው። መያዣው ከውስጥ፣ መሐሉ ላይ በሁለት ስንጥቅ የሚገባ የቆዳ ጠፍር ነው። ስንጥቆቹን ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ አውጡ፤ ከደረቀ በኋላ በወስፌም አይበሳም።

“ሴቶች የሐበሻ ቀሚስ ካላቸው ያልቃል”

ወገብ የያዘ፣ ከኋላው ዚፕ ያለው ቀሚስ የዘመናችን ነው። እቴጌ ጣይቱን ተከትለው የዘመቱት ሴቶች በውጊያው መሐል ለተዋጊው ውኃ ያደርሱ፣ ቁስለኛ ያነሱ ነበር። ልብሳቸውም ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰፊ፣ ቀጥ ብሎ የወረደ የጥጥ ቀሚስ ነው፤ ቅርጹን የሚሰጠው መቀነቱ ነው። 5 ሜትር አቡጀዲ ይበቃል። ጥልፍ ከፈለጋችሁ አንገትና እጅጌ ላይ ብቻ፣ በጥጥ ክር፣ በአንድ ቀለም። መቀነቱ ቢያንስ 3 ሜትር ይሁንና ቀሚሱ ከፍ ተደርጎ ይታሰር፤ መሬት እየጠረገ ውኃ የተሸከመ ሰው አይሄድም። የፕላስቲክ ጄሪካኑን ትታችሁ ቅል ወይም ገምቦ ያዙ።

“ጠብመንጃ ከሆነ ሁሉም ያው ነው”

ካላሽንኮቭ የሚመስል የእንጨት ጠብመንጃ ይዞ ዓድዋን ማሳየት አይቻልም። ውጅግራ የሚባለው የዘመኑ ጠብመንጃ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት የሚጎርስ፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 የሆነ፣ ከሥሩ የሚወጣ ካዝና የሌለው ነው። ከአንድ ጣውላ በመጋዝ ይወጣል፤ ለዝናሩም ከቀጭን ዘንግ የተቆረጡ እንጨቶች ናስ የሚመስል ቀለም ቢቀቡ ይበቃሉ። ጦር ለመያዝ ካሰባችሁ ስለታም ብረት በየፍተሻው ስለሚያስቆማችሁ ጫፉ የተደነዘዘ ይሁን፣ ከሰልፉ አዘጋጆችም አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። የእንጨቱን ጠብመንጃ አፈሙዝ ደግሞ አትብሱት፤ ድፍን ሆኖ ከተተወ ፈታሹ በአንድ እይታ የእንጨት መሆኑን ይለያል።