ጂኦግራፊ ስለ ማጥናትና ስለ ሙያው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጂኦግራፊን በከፍተኛ ትምህርት ደረጃ ለማጥናት የሚያስብ ተማሪ ፍላጎቱን ገና ሲናገር፣ «የዋና ከተሞችን ስም ለማወቅ ነው?» ወይም «ተመርቀህ ከማስተማር ሌላ ምን ልትሠራ?» የሚሉ ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ለልጁ የሚያስቡ ሰዎች ናቸው፤ ሆኖም ትምህርቱን በቅርብ ስለማያውቁት ብቻ፣ ለዘርፉ ዝንባሌ ያላቸው ልጆች ወደማይወዱት ትምህርት ሲገፉ ማየት ያሳዝናል።

«ጂኦግራፊ የስም ሽምደዳ ነው»

የአገሮችን፣ የወንዞችንና የተራሮችን ስም ማወቅ ለጂኦግራፊ፣ ፊደል መቁጠር ለንባብ እንደሆነው ሁሉ መነሻ ነው። የትምህርቱ ዋና ጥያቄ ግን «ነገሩ ለምን እዚህ ሆነ? ለምንስ እዚያ አልሆነም?» የሚለው ነው። በ1854 እ.ኤ.አ. በለንደን ኮሌራ በተቀሰቀሰ ጊዜ፣ በሽታው በተበከለ አየር ይመጣል የሚለው እምነት ገንኖ ነበር። ሐኪሙ ጆን ስኖው ግን ሟቾቹ የት ይኖሩ እንደነበር ሲያጣራ፣ አብዛኞቹ በብሮድ ጎዳና በነበረው የውኃ ፓምፕ ዙሪያ እንደነበሩ ተገነዘበ፤ ይህንኑም በካርታ አሳየ። ይበልጥ የሚያስደንቀው በዚያው ሰፈር በሽታው በብዛት ያልነካቸውን ቦታዎች መመርመሩ ነው፤ በአቅራቢያው የነበረ አንድ የድሆች መጠለያ የራሱ የውኃ ጉድጓድ ስለነበረው፣ በውስጡ ከሚኖሩት መካከል የሞቱት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። አየሩ ለሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ ውኃው ግን የተለያየ ነበር። ስኖው በሙያው ጂኦግራፈር ባይሆንም፣ ጂኦግራፊ የሚያሠለጥነው ይህንን ዓይነቱን አስተሳሰብ ነው።

«ሳተላይትና የስልክ ካርታ ስላለ ባለሙያ አያስፈልግም»

እያንዳንዱ ካርታ ክብ የሆነችውን ምድር በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ለማስቀመጥ የተደረገ ምርጫ ውጤት በመሆኑ፣ አንዱን ባሕርይ ሲጠብቅ ሌላውን ማዛባቱ አይቀርም። ካርታ ሠሪው መርካቶር በ1569 እ.ኤ.አ. ያወጣው ካርታ መርከበኞች አቅጣጫቸውን ሳይስቱ እንዲጓዙ የተሠራ ሲሆን፣ ወደ ዋልታዎች የቀረቡ አገሮችን ስፋት ግን ከመጠን በላይ ያጎላል፤ በዚህም የተነሳ ግሪንላንድ አፍሪካን የምታክል መስላ ትታያለች፣ በእውነቱ ግን አፍሪካ 14 ጊዜ ያህል ትበልጣታለች። የሳተላይት ምስልም ቢሆን የሚመዘግበው ከመሬት ተንጸባርቆ የመጣውን የብርሃን መጠን ነው። የተፈጥሮ ደንን ሰው ከተከለው ዛፍ ለመለየት ምስሉን መተንተን፣ ከዚያም በቦታው ተገኝቶ ማረጋገጥ የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል።

«የጂኦግራፊ ምሩቅ ዕጣ ማስተማር ብቻ ነው»

በቅድሚያ፣ ማስተማር ሌላ ሥራ ያጣ ሰው መጠጊያ ተደርጎ መቆጠሩ ራሱ ስሕተት ነው። ከዚያ ባሻገር፣ ይህ አመለካከት የመጣበት ምክንያት ግልጽ ይመስለኛል፤ በክፍት የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ «ጂኦግራፈር» የሚል መጠሪያ እምብዛም አይገኝም። ሥራው ያለው በሌሎች ስሞች ሥር ነው፦ የከተማ ፕላን ባለሙያ፣ የጂአይኤስ (የቦታ መረጃን በኮምፒውተር አደራጅቶ በካርታ የሚተነትን ቴክኖሎጂ) ተንታኝ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ገምጋሚ፣ የተፋሰስ ልማት ባለሙያ፣ የአደጋ ሥጋት ተንታኝ። የመድን ድርጅት ጎርፍ የሚያሰጋቸውን ቤቶች ለይቶ ማወቅ ይፈልጋል፤ የቴሌኮም ድርጅት ምሰሶ ከመትከሉ በፊት የመሬቱን ከፍታና የሕዝቡን አሰፋፈር ያጠናል፤ የሕዝብ ቆጠራም አገሩ በቆጠራ ቦታዎች ተከፋፍሎ ካርታ ሳይነሳ አይጀመርም። ዛሬ ጂአይኤስ በሚል አጠራር የሚታወቀው ቴክኖሎጂ ራሱ፣ ሮጀር ቶምሊንሰን የተባለ ጂኦግራፈር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የካናዳን ሰፊ የመሬት ሀብት መረጃ በኮምፒውተር ለመተንተን ካደረገው ጥረት ጋር ተያይዞ የተወለደ ነው።

«ሒሳብ የማይወድ ተማሪ የሚሸሸግበት ትምህርት ነው»

የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ ኤራቶስቴነስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ምዕተ ዓመት የምድርን ዙሪያ ያሰላው በጥላ ማዕዘንና በሁለት ከተሞች ርቀት ነበር። የዛሬው ተማሪም ስታቲስቲክስን ማምለጥ አይችልም።

«የጂአይኤስ ሶፍትዌር መማር ይበቃል»

ሶፍትዌሩ የታዘዘውን ይሠራል፤ ትእዛዙ ትክክል መሆኑን ግን አይመረምርም። ለምሳሌ የአንድ አካባቢ የገቢ መረጃ በወረዳ ተጠቃልሎ ሲታይና በመንደር ተዘርዝሮ ሲታይ ሁለት የተለያዩ ካርታዎች ሊወጡት ይችላሉ፤ በወረዳው አማካይ ውስጥ የተሸፈነችውን ድሃ መንደር የሚፈልጋት፣ የወሰን አከላለል ውጤቱን እንደሚለውጥ የተማረ ሰው ነው። በአንጻሩ፣ ንድፈ ሐሳቡን ብቻ ይዞ የተመረቀ ወጣት ሥራ ለማግኘት መቸገሩ እውነት ነው፤ ይህንን መደበቅ ተማሪውን መበደል ይሆናል። ስለዚህ ጂኦግራፊን የመረጠ ተማሪ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እጁን ቢያፍታታ ይጠቀማል፤ ኪውጂአይኤስ የተባለው ሶፍትዌር በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሰበሰበው የላንድሳት የሳተላይት ምስል ክምችትም ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለ ክፍያ ክፍት ሆኗል። የሚያውቀውን አንድ ሐይቅ ወይም የከተማ ዳርቻ መርጦ የአሥርት ዓመታት ለውጡን በእነዚህ ምስሎች የተከታተለ ተማሪ፣ ለቀጣሪው የሚያሳየው ሥራ በእጁ ይኖረዋል።